ባለ አንቴናው የወርቅ መፈለጊያ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ «ጣሊያን ሲሸሽ ቀብሮት የሄደ ወርቅ አለ» የሚለውን ወሬ ሳይሰማ ያደገ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ጦሳ ተራራ ሥር ነው ይላል፤ ሌላው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ዳር ነው ይላል፤ ሦስተኛው የድሮ ጣሊያን ቤት ወለል ሥር ያደርገዋል። ወሬ ብቻ ሆኖ ቢቀር ቡና ማጣጫ ነበር። አሁን ግን ወሬውን ተከትሎ ዕቃ መጥቷል፤ «ጎልድ ዲቴክተር» እየተባለ በሰው በሰው የሚሸጠው ባለ አንቴናው መሣሪያ። ከብት ሸጠው፣ የእቁብ ዕጣ አስቀድመው ተቀብለው፣ ከዘመድ ተበድረው የሚገዙት አሉ። ይህ ግምገማ የተጻፈው ለእነሱ ነው፤ ፍርዱም ከወዲሁ ይታወቅ። መሣሪያው ወርቅ አያገኝም። ብርም፣ መዳብም፣ ውሃም አያገኝም።

ዕቃው በብዙ ስምና ቀለም ይመጣል እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። ስፖንጅ የተነጠፈበት ጠንካራ ጥቁር ሻንጣ አለው፤ ሻንጣው ላይ ብዙ ጊዜ የጀርመን ወይም የአሜሪካ ባንዲራ ይለጠፍበታል። ውስጡ እንደ ሽጉጥ የሚጨበጥ እጀታ፣ እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚሳብ አንድ ወይም ሁለት ዘንግ፣ ትንሽ ስክሪንና ጥቂት ቁልፎች ይገኛሉ። ስክሪኑ ላይ ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ፣ አልማዝ፣ ውሃና «ባዶ ዋሻ» ከሚል ዝርዝር ይመረጣል። ቀጥሎ ርቀት ይሞላል፦ 500 ሜትር፣ 1000 ሜትር፣ አንዳንዱ ላይ 2000 ሜትር። ጥልቀቱ እስከ 25 እና 30 ሜትር ይደርሳል ይባላል። አንቴናው ኩሽኔታ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያለ ምንም ግጭት ይዞራል። «ወደ ወርቁ ይጠቁማል» የሚባለው ይህ መዞር ነው።

ሲያዩት ያምራል። ሻንጣው ጠንካራ ነው፣ እጀታው እጅ ላይ ይቀመጣል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ገዢውን የሚያሳምነው ይህ ነውና ዋጋውም ለዚህ የሚከፈል ነው።

እጀታውን በካቻቢቴ ፈትቶ ማየት ይቻላል። ሻጩ «ብሎኑ ከተነካ ዋስትና የለም» ብሎ የሚከለክለው ወዶ አይደለም። ውስጡ ባለ 9 ቮልት ወይም ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ፣ ስክሪኑንና ቁልፎቹን የሚያሠራ አነስተኛ ቦርድ፣ አንድ የድምፅ ማውጫና ሁለት ሦስት መብራት ታገኛላችሁ። ከቦርዱ ወደ አንቴናው የሚሄደውን ሽቦ ፈልጉት። አንዳንዱ ላይ ጭራሽ የለም፤ ሌላው ላይ ደግሞ ከኩሽኔታው ማቀፊያ ጋር በስታኞ ተለጥፎ እዚያው ይቀራል። ዋናው ጉዳይ ግን አንቴናውን የሚያዞር ሞተር አለመኖሩ ነው። ማግኔትም የለም። ከርቀት ምልክት ቢመጣ እንኳ ያንን ምልክት ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጥ አንድም ክፍል ውስጡ የለም። ብሎን መፍታት ለማይፈልግ ሰው የሚቀል መንገድ አለ፤ ባትሪውን አውጥታችሁ መሣሪያውን እንደገና ያዙት። አንቴናው ልክ እንደቀድሞው ሲዞር ታያላችሁ።

ታዲያ ምን ያዞረዋል? እጃችሁ። ኩሽኔታ ላይ የተቀመጠ ዘንግ እጀታው አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ካዘነበለ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሄዳል፤ ማጠፊያው የተዛባ በር ማንም ሳይነካው እንደሚከፈት ማለት ነው። ይህን ያህል ማዘንበል ለያዡ ሰው አይታወቀውም። ሰው አንድ ነገር ሲጠብቅ ጡንቻው ሳያውቀው በጥቂቱ ወደዚያው ይንቀሳቀሳል። ይህን ጉዳይ ዊሊያም ካርፔንተር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1852 አጥንቶ ስም ሰጥቶታል። ስለዚህ መሣሪያውን የያዘው ሰው ሁሉ አታላይ ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ከልባቸው ያምናሉ፤ አንቴናው በእጃቸው ሲዞር የተሰማቸው ነገርም እውነተኛ ስሜት ነው። የተሳሳተው አዟሪው ማን እንደሆነ ነው።

ደሴ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከተማው ተዳፋት ላይ የተቀመጠ ነው፤ ከፒያሳ ወደ ላይም ወደ ታችም ብትሄዱ ሜዳ የሚባል መሬት እምብዛም የለም። ተዳፋት ላይ የቆመ ሰው ሚዛኑን ለመጠበቅ ትከሻውንና ክንዱን ያስተካክላል፣ እጀታው አብሮ ይዘነብላል፣ አንቴናው ወደ ቁልቁለቱ ይዞራል። ብዙ «ወርቅ ያለበት ቦታ» ገደል አፋፍ ወይም ወንዝ ዳር የሚሆነው ለዚህ ነው። ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ያንኑ ቦታ ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከጎን ወደ ጎን እየሄዳችሁ ድገሙት፤ አቅጣጫው ይቀየራል።

ሻጮች የሚሰጡት ማብራሪያ አንድ ነው። «ወርቅ መሬት ውስጥ ብዙ ዓመት ሲቀበር ጨረር ያወጣል፣ መሣሪያው ያንን ይይዛል» ይላሉ። ወርቅ ጨረር አያወጣም። ወርቅን ወርቅ ያደረገው ከአየርም፣ ከውሃም፣ ከአፈርም ጋር አለመዋሐዱ ነው፤ አይዝግም፣ አይሟሟም፣ ወደ አካባቢው የሚረጨው ነገር የለውም። ሺህ ዓመት ቢቀበር ሲወጣ ያው ነው።

ይህ ዓይነት መሣሪያ ከዚህ በፊት ፍርድ ቤት ቀርቦ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ «ኳድሮ ትራከር» የተባለ፣ አደንዛዥ ዕፅና የጦር መሣሪያ ያገኛል እየተባለ ለትምህርት ቤቶችና ለፖሊሶች ሲሸጥ የነበረ ባለ አንቴና ዕቃ በፍርድ ቤት ታግዷል፤ ሳጥኑ ሲከፈት ባዶ ፕላስቲክ ነበር። ከዚያ የከፋው «ኤዲኢ 651» ነው። ጄምስ ማኮርሚክ የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ የጠፋ የጎልፍ ኳስ ይፈልጋል ተብሎ በጥቂት ዶላር ይሸጥ የነበረን መጫወቻ መነሻ አድርጎ ቦምብ መፈለጊያ ነው እያለ ለኢራቅ መንግሥት በብዙ ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ባግዳድ ኬላዎች ላይ ወታደሮች በዚያ ዘንግ መኪና ሲፈትሹ ቦምብ የጫኑ መኪኖች አልፈው ሰው ፈጅተዋል። ማኮርሚክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ላይ የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ዕቃው «የሚሠራበት ካርድ» የተባለው ሲመረመር የተገኘው ሱቅ ውስጥ ልብስ እንዳይሰረቅ የሚለጠፈው ዓይነት ምልክት ብቻ ነው። ደሴ ላይ በሻንጣ የሚመጣው ዕቃ የዚሁ ዘር ነው፤ እጀታ፣ ኩሽኔታ፣ ዘንግ።

ሻጩ ሲያሳይ ሁልጊዜ የሚሳካለት የተቀበረበትን ስለሚያውቅ ነው። ቀለበት ድንጋይ ሥር ያደርጋል፣ አሥር እርምጃ ይርቃል፣ አንቴናው ወደ ድንጋዩ ይዞራል። ቀጥሎ ለገዢው ይሰጠዋል፤ ገዢውም ድንጋዩን አይቶታልና ለእሱም ይዞርለታል። «አብሽር ጋሼ፣ እጅዎ ላይም ይሠራል!» ይባላል፣ ገንዘቡ ይቆጠራል።

እውነተኛው ፈተና ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ መግዣም አያስወጣም። አሥር አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ሳህን ወይም ባልዲ ውሰዱ። ጣሳም ቆርቆሮም አይሁን። ሜዳ ላይ ሁለት ሁለት ሜትር አራርቃችሁ ድፏቸው። ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር ጽፋችሁ ወረቀቶቹን በኮፍያ ውስጥ አድርጉ። አንድ ሰው ዕጣ አውጥቶ በወጣው ቁጥር ሥር የወርቅ ቀለበት ያስቀምጥ፤ የቀሩትንም ሳህኖች አንድ በአንድ አንስቶ ይመልስ፣ የተነካው የቱ እንደሆነ በአፈሩ እንዳይታወቅ። ከዚያ ይህ ሰው ከቦታው ይራቅ፤ ከፈላጊው ጋር ዓይን ለዓይን አይተያይ። በዚህ ላይ ድርድር የለም። የሚያውቅ ሰው እዚያ ከቆመ ፊቱ ብቻ ይናገራል። መሣሪያውን የያዘው መጥቶ አንድ ቁጥር ይጥራ፣ ይጻፍ፣ ከዚያ ይገለጥ። ይህን አሥር ጊዜ ድገሙ፤ በየጊዜው ዕጣው አዲስ ይሁን። በግምት ብቻ ከአሥር አንዱ ይገጥማል፤ ሁለት ቢገጥምም አይግረማችሁ። አምስትና ከዚያ በላይ በዕድል መግጠም ግን ከሺህ ጊዜ ሁለቴ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከመጀመሪያው «አምስት ካገኘ እገዛለሁ፣ ካላገኘ አልገዛም» ብላችሁ ከሻጩ ጋር ተስማሙ። ከፈተናው በፊት ቀለበቱን እያየ እንዲሞክርና «ዛሬ መሣሪያው ይሠራል» ብሎ በቃሉ እንዲያረጋግጥ አድርጉ። አለዚያ ሲወድቅ ጠል ነበር፣ ፀሐይ በረታ፣ ስልካችሁ ረበሸው፣ ወርቁ አዲስ ስለሆነ ጨረር የለውም የሚል ሰበብ ይከተላል። መሣሪያው አዲስ ወርቅ አያገኝም ካለ ደግሞ እሱው በቀለበት ያሳያችሁ ሠርቶ ማሳያ ምን ነበር?

አሁን ወደሚሠራው ዓይነት እንምጣ፤ ሰዎች ሁለቱን ስለሚያደባልቁ። እውነተኛ የብረታ ብረት መፈለጊያ ጫፉ ላይ ክብ ሰሃን አለው። ሰሃኑ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ጥቅልሎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ጥቅልል በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚለዋወጥ ማግኔታዊ መስክ ይልካል፤ አብዛኞቹ ከ5 እስከ 20 ኪሎ ኸርትዝ ባለው ውስጥ ይሠራሉ። መስኩ ማንኛውንም ብረታ ብረት ሲያገኝ ዕቃው ውስጥ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ዑደት ይፈጥራል፤ ያ ዑደት የራሱን መስክ ይመልሳል፤ ሁለተኛው ጥቅልል ይቀበለዋል። አሠራሩ ይህ ስለሆነ ከመዳብም፣ ከአልሙኒየምም፣ ከወርቅም ምላሽ ያገኛል። ግን መስኩ ሲሄድም ሲመለስም ይዳከማል። ለትንሽ ዕቃ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚመለሰው ምልክት ወደ 64 ጊዜ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ባለ 25 እና 28 ሳንቲ ሜትር ሰሃን መሣሪያ አንድ ሳንቲም ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ አግኝቶ ከዚያ በታች የሚደክመው። የማሰሮ ወይም የሳጥን ያህል ትልቅ ዕቃ ቢሆን አንድ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። እንግዲህ ይህን ስታውቁ 2000 ሜትር የሚለውን ቁጥር መዝኑት።

እውነተኛውም ቢሆን በደሴ አፈር ላይ በቀላሉ አይሠራም። አካባቢው የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩና አፈሩ ማግኔት የሚስብ የብረት ማዕድን አለበት። መሣሪያው መሬቱን ራሱን እንደ ብረት ያየዋል፣ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት «ግራውንድ ባላንስ» የሚባለውን ማስተካከል ግድ ነው፦ ምንም ብረት የሌለበት ቦታ ምረጡ፣ ሰሃኑን ከ30 ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ከፍ እያደረጋችሁ ድምፁ ሳይጨምርና ሳይቀንስ እስኪረጋ ቁልፉን አስተካክሉ። ጥቂት ሜትር በሄዳችሁ ቁጥር አፈሩ ስለሚቀያየር ትደግሙታላችሁ። ይህ ማስተካከያ የሌለው ርካሽ መሣሪያ እዚህ አገር ድንጋይ ላይ አያዛልቅም። «ፐልስ ኢንዳክሽን» የሚባለው ዓይነት ይህን አፈር ይችለዋል፤ ነገር ግን ሚስማርን ከወርቅ መለየት ላይ ደካማ ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው። የወርቅ ቁራጭና የአልሙኒየም ቁራጭ መሣሪያው ላይ የሚሰጡት ቁጥር ደግሞ ይቀራረባል። ወርቅ የመሰላችሁ ብዙው ምልክት ተቆፍሮ ሲወጣ ቆርኪ፣ የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ወይም የጥይት ቀለሃ ነው።

ቀለሃ ካነሳን አይቀር፣ ለሕይወት የሚያሰጋው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደብድበዋል። በሚያዝያ 1933 በኮምቦልቻና በደሴ መካከል በመድፍ የታገዘ ውጊያ ተደርጓል። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሁለቱም ከተሞች ድረስ ደርሷል። መሬት ውስጥ ያለው ብረት ሳይፈነዳ የቀረ ቦምብ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ትልቅ ብረት ብሎ ሲጮህ ሰው ልቡ ይዘላል፣ ዶማ ያነሳል። ሲሊንደር ቅርጽ ያለው፣ ጫፉ የሾለ ወይም ክንፍ ያለው፣ የዛገ ነገር ካያችሁ መቆፈር አቁሙ። አታንቀሳቅሱት፣ ውሃ አታፍስሱበት፣ አትምቱት። በመጣችሁበት እግር ተመለሱ፣ ራቅ ብላችሁ በድንጋይ ምልክት አድርጉ፣ ልጆች እንዳይቀርቡ ሰው አቁሙ፣ ለቀበሌና ለፖሊስ ተናገሩ። መቶ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ቦምብ ከእርጅና የተነሳ ይበልጥ ስስ ይሆናል እንጂ አይሞትም።

ስልክ ላይ የሚጫነው መፈለጊያ ወጪ የለውም፤ ጥቅሙም ውስን ነው። የሚጠቀመው የስልኩን ኮምፓስ ነው። እኛ አካባቢ የመሬት ማግኔታዊ መስክ ከ35 እስከ 38 ማይክሮ ቴስላ ያህል ያሳያል፤ ብረት ሲቀርበው ቁጥሩ ይዘላል። ግድግዳ ውስጥ ፌሮ ወይም ሚስማር ለመፈለግ ይረዳል። ወርቅ፣ ብርና መዳብ ማግኔት ስለማይስቡ ቁጥሩን አያንቀሳቅሱትም። ቀለበታችሁን አስጠግታችሁ እዩት።

አሁን ስለ ወሬው ራሱ። ጣሊያን ደሴን የለቀቀው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከተማውን ሲይዝ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ወታደር ከነመሣሪያውና ከነስንቁ ተማርኳል። በዘመኑ ለደመወዝና ለግዢ ይሠራበት የነበረው ሊሬና ማርትሬዛ ነው። ጣሊያን ወርቅ የተትረፈረፈለት አገር አልነበረም፤ ጦርነቱን ከጀመረ በኋላ በተጣለበት ማዕቀብ ምክንያት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 18 ቀን 1935 ሕዝቡ የጋብቻ ቀለበቱን ለመንግሥት እንዲሰጥ ጠይቋል። የሕዝቡን ቀለበት የሰበሰበ መንግሥት በካሚዮን ወርቅ ጭኖ ወሎ ገደል ሥር ይቀብራል ማለት አያስኬድም። ፊሊፒንስ ላይም የጃፓን ጄኔራል ያማሺታ ቀበረው ስለሚባል ወርቅ ተመሳሳይ ታሪክ ይወራል፤ እዚያም ሰው ሲቆፍር ይኖራል። የተሸነፈ ጦር ባለፈበት አገር ሁሉ ይህ ወሬ አለ።

ከወሬው ጋር ካርታ ይሸጣል። ወረቀቱ በሻይ ተነክሮ ያረጀ ይመስላል፣ የጣሊያንኛ ቃል ይጻፍበታል፣ ቀስትና መስቀል ይሣልበታል። «ድንጋይ ላይም ምልክቱን አይተነዋል» ይባላል። ጣሊያን ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አስመራ የሚሄደውን መንገድ ሲሠራ ኪሎ ሜትር የሚያሳይ ድንጋይ ተክሏል፣ ቀያሾችም ድንጋይ ላይ ቁጥርና ቀስት ቀርጸዋል። የሚታየው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የእነሱ ነው።

በእርግጥ በወሎ መሬት የሚገኘው ማርትሬዛ ነው፤ አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት። አንድ ቤተሰብ ማሰሮ ውስጥ አድርጎ የቀበረው ይገኛል። እዚህም ላይ ሌላ ተረት አለ፦ «1780 የሚል ስላለበት ሚሊዮን ያወጣል» የሚል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ የተመቱት ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዘው ነው የተመቱት፤ ቪየና ላይ እስከ ዘመናችን ድረስ ይመታል፤ ሙሶሊኒም እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ሮም ላይ አስመትቶታል። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ፣ የብር መጠኑ ከመቶ 83.3 ነው፤ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ያህል ይሆናል። ለተራው ሳንቲም ዋጋው ከዚህ የብር መጠን ብዙም አይርቅም። ከ27 ግራም በታች ከመዘነ ተጠራጠሩት፤ ማግኔት ከሳበው ሐሰተኛ ነው።

የሲንጀር ስፌት መኪና ውስጥ «ቀይ ሜርኩሪ» አለ የሚለውም ከዚሁ ሱቅ የሚወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ይህ ወሬ ተነሥቶ አሮጌ ስፌት መኪና በአሥር ሺዎች ሪያል ሲሸጥ ነበር፤ ስልክ ወደ መርፌው ሲጠጋ ከጠፋ ሜርኩሪው አለ ይባል ነበር። የስፌት መኪና የተሠራው ከብረት ነው፤ ሜርኩሪ የሚቀመጥበት ክፍል የለውም። ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ውድ ነገር ራሱ የለም። ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ለደላላ ከፍተው እንዳያስፈቱ፤ ሲገጠም ስፌቱ ይዘላል።

መሣሪያ ከመሸጥ ሌላ አገልግሎትም አለ። ሦስት አራት ሰው ያለበት ቡድን ይመጣል፣ ግቢያችሁን ያስሳል፣ «እዚህ 7 ሜትር ላይ አለ» ይላል፣ ከሚወጣው ድርሻ ይቀበላል እንጂ አስቀድሞ ብዙ አይጠይቅም። ወጪው በየደረጃው ይመጣል። መጀመሪያ የመሣሪያው ኪራይ። ሁለት ሜትር ተቆፍሮ ሲጠፋ «ጅኒ ይዞታል» ተብሎ ገብስማ ዶሮ፣ ጥቁር በግ፣ ዕጣንና ሽቶ። ሦስተኛ ከውጭ የሚመጣ «ወርቁን የሚያነቃ» ፈሳሽ። አራተኛ ለአንድ ባለሥልጣን ዝም ማሰኛ የሚባል ገንዘብ። በየደረጃው እስከ አሁን ያወጣችሁት ገንዘብ ራሱ ቀጣዩን ያስወጣችኋል። የሚገርመው የሼሁንም የደብተራውንም ስም ይጠራሉ፤ ሃይማኖታችሁን አይተው ነው የሚመርጡት። የሃይማኖት አባታችሁን በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ሰዎቹ «ለማንም እንዳትናገሩ፣ ከተነገረ ይሰወራል» የሚሉት ይህን ለመከልከል ነው። ከሁሉ በላይ የምንለምነው ስለ ምሥጢር ነው፦ ባልም ሚስትም፣ ልጅም አባትም የሚያውቀው ይሁን።

ሳጥን ውስጥ ያለ ቢጫ ብሎክ ይዘው መጥተው «ከዚያው የወጣ ነው» ካሏችሁ በቤት ሚዛን ይፈተሻል። በግራም የሚመዝን ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል። መጀመሪያ ብሎኩን መዝኑ። ከዚያ ውሃ ያለበት ዕቃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ብሎኩን በክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ አግቡት፤ ታችና ጎን እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ለመጀመሪያው ክብደት አካፋይ አድርጉት። ንጹሕ ወርቅ 19.3 አካባቢ፣ እርሳስ 11.3፣ ናስ 8.5 አካባቢ ይሰጣል። ለምሳሌ 100 ግራም ንጹሕ ወርቅ ውሃ ውስጥ 5.2 ግራም ብቻ ያሳያል፤ 100 ግራም ናስ ግን ወደ 11.8። ለፈተና ከዳሩ የተቆረጠች ቅንጣት ወስደው ወርቅ ቤት ቢያሳዩዋችሁ አትቀበሉ። ቅንጣቷ በእጃቸው ትለወጣለች፤ ወርቅ ቤቱም የመረመረው እውነተኛ ወርቅ ነው፣ ብሎኩ ግን ናስ ነው።

ስለ መቆፈር ሁለት ነገር። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ወደ 1.6 ቶን ይመዝናል፤ ከ1.5 ሜትር በላይ የጠለቀ ጉድጓድ ግድግዳው ሳይደገፍ ከተቆፈረ በሰው ላይ ይደረመሳል። ደሴ ደግሞ መሬት መንሸራተት የሚታወቅባት ከተማ ናት፤ በተዳፋት ላይ የቤት መሠረት ሥር መቆፈር ከክረምት ጋር ሲገጥም የጎረቤትንም ቤት ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው ሕጉ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ለመፈለግ መቆፈር ፈቃድ ይጠይቃል። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ደግሞ ወዲያው ማሳወቅና የቅርስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ እስኪረከበው ሳይነካ መጠበቅ አለበት፤ ላስረከበ ሰው ሽልማት እንዲሰጠውም አዋጁ ይደነግጋል። መሠረት ስትቆፍሩ ማሰሮ ጠገራ ብር ብታገኙ ትርፉ ማስረከብ ላይ ነው፤ የተደበቀ ቅርስ ገዢው ደላላ ብቻ ነው፣ ዋጋውንም እሱው ይቆርጠዋል።

ባለ አንቴናውን አስቀድማችሁ ገዝታችሁት ከሆነ ለሌላ ሰው አትሽጡት። ከላይ ያለውን የአሥር ሳህን ፈተና ምስክር ባለበት አድርጉ፣ ውጤቱን ጻፉ፣ በቪዲዮ ያዙ። ሻጩ የሰጣችሁን ወረቀት፣ የባንክ ማስተላለፊያውንና የተላላካችሁትን መልእክት አንድ ላይ አድርጋችሁ ገንዘባችሁን ጠይቁ፤ ካልመለሰ ፖሊስ ጣቢያ የሚያስፈልጋችሁ ማስረጃ ይኸው ነው። በስልክ ብቻ ተስማምታችሁ ከሆነ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ መልእክት ላኩለት፤ መልሱ ራሱ ይጠቅማል።

ለሥራ የምትፈልጉት ሰዎች፣ ለምሳሌ መሬት ውስጥ የብረት ቧንቧ የምትፈልጉ ወይም የጠፋ ጌጥ የምትፈልጉ፣ ባለ ሰሃኑን ግዙ። ግራውንድ ባላንስ በእጅ የሚስተካከል፣ ብረትን የሚለይ ድምፅ ያለው፣ ሰሃኑ ውሃ የማያስገባ ይሁን። ከመክፈላችሁ በፊት መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ሰሃኑ ፊት ቀለበት፣ ሚስማርና ቆርኪ በየተራ አሳልፉ፤ ከዚያ ባትሪውን አውጥታችሁ ድገሙት። እውነተኛው ያለ ባትሪ ድምፅ አይሰጥም።